ምዕራፍ አራት፦ ካርታው በማን ስም ነው?

ሳሪስ አካባቢ ባልትና የሚያዘጋጁ አንዲት እናት አሉ። በርበሬያቸውን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም፤ ሽሮና ሚጥሚጣቸውም እንደዚያው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሠፈር ልጅ ድረ ገጽ ሠራላቸው። ያማረ ገጽ ነበር፤ የበርበሬው ፎቶ፣ የኪሎው ዋጋ፣ ስልካቸው፣ ሁሉም አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ደንበኞች ገጹን አይተው ይደውላሉ፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ይከፍላል፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ዕቃው ይላካል። ነገሩ ሥር ሲይዝ እትዬ 5 ሺህ የማሸጊያ ከረጢት አሳተሙ፤ በያንዳንዱ ከረጢት ላይ የድረ ገጹ አድራሻ በጉልህ ተጽፏል።

አንድ ቀን ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስልክ ተደወለላቸው። "እትዬ፣ ገጽዎን ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚመጣው። ምን ሆኖ ነው?"

እኔ ጋ ሲደውሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል? በጾም በጸሎት የምኖር ሰው በስተርጅና ቁማር አጫዋች ልባል?"

ጥቂት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ስሙን ማን አስመዘገበው? "ልጁ ነዋ።" በማን ኢሜይል? "እኔ ኢሜይል የት አውቄ፤ በራሱ ይሆናላ።" በየዓመቱ ማን ይከፍል ነበር? "ውጭ ያለች እህቱ በካርዷ ትከፍልለታለች፤ ብሩን እኔ ለእሱ እሰጠዋለሁ።" ልጁስ አሁን የት ነው? እሱም አገር ለቋል፣ የድሮ ስልኩ አይሠራም። "ክፍያዎ ሊያልፍ ነው" የሚሉት ማስታወሻዎች ማንም በማይከፍተው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀሙ ከርመዋል።

ልጁን ሌባ ለማለት አልደፍርም። ሥራውን በቅንነት ሠርቷል፣ ኑሮ ገፍቶት ሄዷል፣ ረስቶታል። ግን የእትዬ ስም አሁን የሌላ ሰው ነው። የሚያስመልስ ሕግም ሆነ ዳኛ በቅርብ አላገኘሁላቸውም።

ቤት የሚገዛ ሰው የቀለሙን ነገር ከማንሳቱ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ ይጠይቃል። ሱቅ የሚከራይ ውሉን ያነባል። መኪና የሚገዛ ሊብሬውን ገልብጦ ያያል። በዚህ ረገድ የእኛ ነጋዴ ንቁ ነው፤ ማንም አያስተምረውም። ድረ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ያው ንቁ ሰው ቀለሙን፣ ፎቶውን፣ አርማውን ሲያስመርጥ ይውልና ካርታውን ሳይጠይቅ ይመለሳል። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ነገር ስታሠሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ለዘመናት የምናውቀው የመሬትና የቤት ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድረ ገጽ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስሙ ነው፤ ባለሙያዎቹ ዶሜይን ይሉታል፣ በነጥብ ኮም ወይም በነጥብ ኢቲ የሚያልቀው ማለት ነው። ሁለተኛው ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ የተከራያችሁት ጥግ፣ ሆስቲንግ የሚባለው። ሁለቱ የተለያየ ሒሳብ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም የተለያየ ድርጅት ነው የሚይዛቸው። ሆስቲንጉ ቢበላሽ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ገጹን እንደገና መሥራት ይቻላል። ስሙ ከጠፋ ግን ከረጢቱ፣ ቢዝነስ ካርዱ፣ የሱቁ ታፔላ፣ በደንበኛው አእምሮ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ስሙን ደግሞ ማንም ለዘለዓለም አይገዛውም። የነጥብ ኮም ስም በዓመት ይከራያል፤ በአንድ ጊዜ መክፈል የሚቻለው ቢበዛ የ10 ዓመት ነው። ስለዚህ ካርታ ስል ሊዝ ያለበት ካርታ ማለቴ ነው። የጊዜው ክፍያ ካለፈ በኋላ እንደ አስመዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ማደስ ይቻል ይሆናል። ከዚያ በኋላ 30 ቀን የመጨረሻ ዕድል አለ፤ በዚህ ጊዜ ቅጣቱ ከዓመቱ ኪራይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመጨረሻ 5 ቀን ማንም የማይነካው ሆኖ ይቆይና ስሙ ለወሰደው ይለቀቃል። ይህችን ደቂቃ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉት የእትዬን በርበሬ አይደለም፤ ለዓመታት ወደዚያ አድራሻ መምጣት የለመደውን ሰው ነው። የቁማር ማስታወቂያው የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

መርሳት የትንሽ ነጋዴ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት ፓስፖርት የተባለውን አገልግሎቱን ስም ማሳደስ ረስቶ ብዙ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ኢሜይላቸው ውስጥ መግባት አቅቷቸው ነበር። ያዳነው የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ በበዓሉ ቀን በራሱ ካርድ 35 ዶላር ከፈለለት። እትዬ እንዲህ ያለ መንገደኛ አልገጠማቸውም።

ስሙ ለምን በሌላ ሰው እጅ ይገባል? የኛ አገር ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክፍያው በዶላር ነው፣ ነጋዴው የሚያወጣው ደግሞ ብር ነው። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያለው ትንሽ ነጋዴ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ገጹን የሚሠራው ልጅ በእህቱ፣ በአጎቱ፣ በጓደኛው ካርድ ይከፍላል፤ ሲከፍልም በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍታል፤ ስሙም በዚያው በእሱ ሆኖ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ችግሩ ባሰ። ያን ጊዜ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከ10 እስከ 20 ዶላር የሚደርሰው የስም ኪራይም በብር እጥፍ ሆነ። ዋጋው ተጋነነ ብሎ ከሠሪው ጋር የተጣላ ነጋዴ አይቻለሁ። ሠሪው ስሙን ይዞት ሄደ።

መፍትሔው መክፈልንና ባለቤት መሆንን መለየት ነው። የልጃችሁን ትምህርት ቤት አጎቱ ቢከፍል ልጁ የአጎቱ አይሆንም። በማንም ካርድ ይከፈል፤ አካውንቱ ሲከፈት ግን የሚገባው ኢሜይል የናንተ ይሁን፣ ባለቤት በሚለው ቦታ የናንተ ወይም የድርጅታችሁ ስም ይጻፍ፣ የይለፍ ቃሉን እናንተ ያዙት። ሠሪው ሲገባበት እያያችሁ ይሥራ። ይህን ስትጠይቁ ፊቱ የሚቀየር ሠሪ ካለ ከዚያው ላይ ሌላ ፈልጉ። ጥሩ ሠሪ በዚህ ደስ ይለዋል፤ ነገ አገር ቢቀይር የሰው አደራ ተሸክሞ አይሄድም።

ሌላው መንገድ በብር መክፈል ነው። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶላርም ሆነ የውጭ ካርድ የሚሉት ጣጣ የለበትም፣ ቢሮው ደግሞ እዚሁ ነው። ስም ከውጭ አምጥተው በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም አሉ፤ እነሱ ጋ ስትሄዱ ደረሰኙ በስማችሁ እንዲቆረጥ፣ ስሙም በናንተ እንዲመዘገብ አስረግጣችሁ ጠይቁ። ደንበኛችሁ ባብዛኛው እዚሁ ከሆነ የአገር ውስጡ ያዋጣል እላለሁ። ውጭ ያለ ደንበኛ ዕቃ የሚያዛችሁ ከሆነ ግን የሰው እጅ ከልማድ ነጥብ ኮም ይጽፋልና ያንን መያዙ ይሻላል።

ስሙን ስትመርጡ በስልክ ለሰው ንገሩትና ፈትኑት። አማርኛችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ ሥርዓት የለውም፤ "ፀሐይ" የሚለውን ስም አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል። "ጠ"ን፣ "ጨ"ን፣ "ቀ"ን የሚጽፍበት መንገድ ሁሉም ሰው የራሱ አለው። ስለዚህ እነዚህ ድምፆች የሌሉበት፣ አጭር፣ አንድ ጊዜ ሰምቶ መጻፍ የሚቻል ስም ፈልጉ። ለሦስት ሰው ደውላችሁ ስሙን ተናገሩ፤ ፊደሉን ሳትነግሯቸው ይጻፉት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉ ያንን ያዙት።

ከስሙ ቀጥሎ ኢሜይሉ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው እሱ ነው። የይለፍ ቃል ሲጠፋ መመለሻው የሚላከው ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው ስሙንም፣ ገጹንም፣ የፌስቡክ ፔጁንም ያዘ ማለት ነው። ለሥራው ብቻ የሚሆን አንድ ኢሜይል ክፈቱ። ቃሉ ረዘም ያለ ይሁን፤ እናንተ ብቻ የምታውቋቸው አራት ተያያዥነት የሌላቸው ቃላት ከስልክ ቁጥርና ከልደት ቀን በብዙ ይሻላሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ አብሩት፤ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ቁጥር እንዲጠይቅ አድርጉት። ስልክ ይሰረቃል፣ ሲም ይዘጋልና የመጠባበቂያ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ንግድ ፈቃዱ የተቀመጠበት ቦታ አስቀምጡ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

አሁን "እኔ ድረ ገጽ የለኝም፣ ሥራዬ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ከናንተ ጋር አልጣላም። ከመርካቶ እስከ ቦሌ ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ ኬክ የሚሸጠው በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ቀላል ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ደንበኛውም እዚያው ነው። ቻናላችሁን ዝጉ የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ገበያውን አያውቀውም። ግን ያው ጥያቄ እዚህም ይጠየቃል፦ በማን ስም ነው?

ቻናሉን የከፈተው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ፎቶ ማንሳት የምትችል ሠራተኛ በራሷ ስልክ ትከፍተዋለች። ቴሌግራም ባለቤት የሚላት እሷን ነው፤ እናንተ አስተዳዳሪ ብትሆኑም እሷ ልታስወጣችሁ ትችላለች። እሷ ሥራ ስትለቅ በሰላም ከሆነ ባለቤትነቱን ወደናንተ ማዛወር ይቻላል፤ ለዚህ ግን አካውንቷ ላይ የሁለት ደረጃ ቁልፉ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የበራ መሆን አለበት። ዛሬ ለቅቃ ዛሬ ማስረከብ ላይቻል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በፍቅር ሳላችሁ አዛውሩት። ከሁሉ የሚሻለው ለሱቁ አንድ ሲም በድርጅቱ ወይም በባለቤቱ ስም አውጥቶ፣ ቻናሉንም ዋትስአፑንም በሱ መክፈት ነው። ያንን ሲም ካርድ ሳትሞሉ አታቆዩት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ አዲሱ ባለቁጥርም በዚያ ቁጥር የተከፈተውን ሁሉ ሊያንኳኳ ይችላል። የፌስቡክ ፔጅ ከሆነ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሁለት የምታምኗቸው ሰዎች ይኑሩ፤ የአንዱ አካውንት ቢዘጋ ሌላው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ሰፈሩ ራሱ የናንተ አለመሆኑ ነው። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገሪቱ ውስጥ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ግድም ቆዩ። በቪፒኤን እገዳውን አልፎ የገባ ገባ፤ የናንተ ደንበኛ የሆነችው የአራት ልጆች እናት ግን ቪፒኤን ፍለጋ አልሄደችም፣ አጠገቧ ካለው ሱቅ ገዛች። መስከረም 24 ቀን 2014 ደግሞ መንግሥትም ማንም ሳይነካቸው ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። የራሳቸው መሐንዲሶች ባደረጉት ማስተካከያ ስማቸው ከኢንተርኔቱ ማውጫ ወጥቶ ነበር፤ ሰው አድራሻውን ቢጽፍም ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የደንበኞቻችሁን ስልክ በራሳችሁ መዝገብ ያዙ። ቻናል ላይ ያለ 10 ሺህ ተከታይ ቻናሉ ሲጠፋ አንድም ሰው አይደለም፤ ደብተር ላይ ያለ 200 ስልክ ግን ማታውኑ ኤስኤምኤስ መላክ የሚቻልበት 200 ሰው ነው። ሰው ቁጥሩን ሲሰጣችሁ ለምን እንደምትይዙት ንገሩት፣ ለሌላ ሻጭም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ሁለተኛው ልመናዬ በራሳችሁ ስም የምትቆም አንዲት ገጽ እንድትኖራችሁ ነው። አንዲት ትበቃለች። ትልቅ ድረ ገጽ ካላሠራችሁ የሚላችሁ ሰው ለናንተ አያስብም።

በዚያች ገጽ ላይ ምን ይጻፍ? ዋጋ። በመጀመሪያ ዋጋ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለው ልማድ ያሳዝነኛል፤ ሻጩ ተፎካካሪ እንዳያይበት ብሎ ደንበኛውን ያባርራል። ተፎካካሪው እንደሆነ የውስጥ መስመር ጽፎ ይጠይቃችኋል፤ የሚቀረው መጠየቅ የሚያፍረው ደንበኛ ነው። ዋጋው የሚዋዥቅ ከሆነ "ከዚህ እስከዚህ" ብላችሁ የጻፋችሁበትን ቀን ጨምሩ። በተለይ ውጭ ያለው ሰው ዋጋ ይፈልጋል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደየወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እሱ ከሥራ ገብቶ ለእናቱ ስጦታ ሲያስብ እናንተ ተኝታችኋል። በዚያ ሰዓት የምትመልስለት ገጿ ናት።

ሰዓትን ካነሳን ብዙ ሱቅ ላይ ያየሁት አንድ ስሕተት አለ። የጉግል ካርታ ላይ ሱቅ ሲመዘገብ የሥራ ሰዓት ይጠየቃል። ባለቤቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እከፍታለሁ ብሎ 3 ይሞላል። ጉግል ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ 3 ማለት ለሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት እዘጋለሁ ያለው ደግሞ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሳለ ካርታው "ዝግ ነው" ይላል፣ ደንበኛውም አይመጣም፣ ባለሱቁም ገበያው ቀዘቀዘ ይላል። ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ ነው፤ ዛሬውኑ ስልካችሁን አውጥታችሁ እዩት። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽም የተለየ ሰዓት ማስገቢያ አለው። በዓል ዋዜማ እስከ ማታ የምትሸጡ ከሆነ ሰው ያንን ማወቅ የሚፈልገው ያኔ ነው።

ካርታው ላይ መመዝገብ በነፃ ነው፣ ለኛ ከተማ ደግሞ ከማንም በላይ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ የምንናገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም፤ "ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፣ አረንጓዴ በር" ነው። ይህን ጻፉት፣ አትፈሩ፤ አገሬው በሱ ይመጣል። ከሱ ጎን የካርታውን ሊንክ አስቀምጡ። ጉግል ካርታ ላይ ሱቃችሁ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ስትይዙ ፕላስ ኮድ የሚባል አጭር የፊደልና የቁጥር ድርድር ይወጣል። እሱ ከከተማው ስም ጋር ሲሆን 14 ሜትር በ14 ሜትር የምታህል ቁራጭ መሬት ያመለክታል፤ ስም በሌለው መንገድ ላይ ላለ ሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሱቁ የናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ ጉግል ቪዲዮ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ሱቁን ከፍታችሁ ስትገቡ ቅረጹና ላኩ። እዚህም ላይ የምትመዘገቡት በሥራው ኢሜይል ነው።

ጽሑፉን በጽሑፍ ጻፉት። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ግን የብዙ ነጋዴ ገጽ በሙሉ ፖስተር ነው፦ ዋጋውም፣ ስልኩም፣ አድራሻውም ፎቶ ውስጥ። ጉግል ፎቶ ውስጥ ያለን አማርኛ አንብቦ ያወጣዋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ደንበኛውም ስልኩን ነክቶ መደወል አይችልም። ማተሚያ ቤት ያሠራችሁትን ጽሑፍ ወደ ገጹ ስትገለብጡ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ማስገቢያዎች የተጻፈ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። ጠጋግናችሁ አትልፉት፣ እንደገና ይጻፍ።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም አለ። ጸጉር ቤት የከፈተች ሴት ታፔላዋ ላይ በ"ጸ" ጽፋ ደንበኛዋ በ"ፀ" ይፈልጋታል። ኮምፒውተሩ ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ሁልጊዜ አይገምትም። አንዱን በርዕሱ፣ ሌላውን ከታች ባለው መግለጫ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ አስገቡ። ለሰዋስው አዋቂ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔም ትክክለኛው አጻጻፍ ይገደኛል፣ ግን ሰው የሚያገኛችሁ በሚጽፈው ነው።

ፎቶውን ቀንሱት። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ 20 ፎቶ ከሆነ 80 ሜጋባይት ነው። የቀን ፓኬጅ ገዝታ የገባች ልጅ ገጻችሁን ከፍታ ሳትጨርስ ዳታዋ ያልቃል። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዳችሁ ብታስቀምጡት እያንዳንዱ 200 ኪሎባይት ግድም ይሆናል፤ 20ው ተደምሮ 4 ሜጋባይት። ዓይን ልዩነቱን አያየውም። ይህን የሚሠራ ነፃ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ገጹን ስትፈትኑ ደግሞ በቢሮ ዋይፋይ አትፈትኑ፤ በሱቁ በር ላይ ቆማችሁ፣ በርካሹ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት።

ክፍያ ላይ ባጭሩ አንድ ነገር ልበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ የትንሽ ነጋዴ ሕይወት ቀሏል፣ ከዚያም ኤምፔሳና የባንኮቹ መተግበሪያዎች ተጨመሩ። አብሮ የመጣው ደግሞ የተቀባባ ስክሪንሾት ነው። ደንበኛ የላከው ፎቶ ገንዘብ አይደለም፤ ስልካችሁ ላይ የመጣው አጭር መልእክትም ቢሆን በሰው ስም አስመስሎ ሊላክ ይችላል። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ፣ ቴሌብር ከሆነ በመተግበሪያው ወይም በ*127#፣ ገንዘቡ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ዕቃውን ስጡ። ካሸር ያላችሁ ከሆነ እሱም ማየት የሚችልበትን መንገድ አመቻቹለት፤ ባለቤቱ ስልክ አላነሳ እያለው በወረፋ ፊት የሚጨነቅ ካሸር በመጨረሻ ስክሪንሾቱን ያምናል። በዓል ዋዜማ ላይ የሚበላው ነጋዴ የሚበላው በዚህ ነው።

እትዬ ጋ ልመለስ። አዲስ ስም መረጥን፤ በሦስት ሰው ፈተንነው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሦስተኛው ሌላ ጻፈ፣ ቀየርነው፣ እንደገና ፈተንን። ልጃቸው ኢሜይሉን ከፈተች፣ እሳቸው ራሳቸው ቃሉን መረጡ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዱቤ የሚጽፉበት አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። በመጨረሻው ገጹ ላይ በገዛ እጃቸው ስሙን የት እንዳስመዘገቡ፣ በየትኛው ኢሜይል፣ የሚታደስበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ገጹ የተቀመጠበትን ድርጅት፣ የቻናሉን ባለቤት ስልክ ጻፉ። የገጹን ጽሑፍና ፎቶ የያዘች ፍላሽ በትንሽ ላስቲክ አስረው ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ አስገቧት። "ልጄ፣ ከሚታደስበት ቀን ወር ቀደም ብዬ ቡሄ ላይ አስታውሳለሁ" አሉኝ። ቀኑን ለዚያ እንዲመች በመስከረም አድርገነው ነበር።

የተረፉት አሮጌ ከረጢቶች ግን አልተጣሉም። አዲሱ አድራሻ የታተመበት ትንሽ ተለጣፊ አሠርተው፣ ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው አሮጌው አድራሻ ላይ ይለጥፋሉ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ 600 ያህል ቀርቷቸው ነበር።